እማማ ካቻቢቴ ሳይፈትኑ አይሸጡም

እህቴ የአዲሱን አዳራሽ መጋረጃ ልትሰፋ ቃል በገባች ማግስት አሮጌው የስፌት ማሽኗ ሞተ። ሞተ ስል እንደ ሰው ነው የሞተው። ሦስት ጊዜ አቃሰተ፣ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ከዚያ በአፍንጫው ጭስ ለቀቀ። ከታች ፎቅ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ልትደርስ መጣች ብል የሚያምነኝ የለም፤ ግን ደረጃው ላይ አግኝቼ የመለስኳት እኔ ነኝ።

መጋረጃው ደግሞ የመስኮት መጋረጃ እንዳይመስላችሁ። እንደ ፍራሽ የወፈረ ቀይ ከፈይ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ፎቅ ያክላል። ጥቅሉን እኔና የጭነት መኪናው ሹፌር እየገፋን አራተኛ ፎቅ እስክናደርሰው ድረስ የሹፌሩ ጢም አደገ። አዳራሹ የሚከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ትልቁን የልብስ ፋብሪካ ትታ ሥራውን ለእህቴ የሰጠቻት «የአንቺን እጅ አይቻለሁ» ብላ ነው። ካደረሰች የመድረኩ ልብስ ሁሉ ከዚህ በኋላ የእሷ ነው። ካላደረሰች ግን በዚህ ከተማ የትራስ ልብስ እንኳ አምኖ የሚሰጣት አይገኝም። ማሽኑ ያረፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

«እቴቴ፣ አዲስ ማሽን እንግዛ» አልኳት። ሐዘኔ አምስት ደቂቃ አልቆየም። አዲስ ዕቃ ሊገዛ ነው ከተባለ እኔ ከገዢው በላይ እንቅልፍ የማጣ ሰው ነኝ።

«ማሽን አልገዛም» አለች። «አሁን የምገዛው ሰው ነው።»

ገባኝ። ሟቹን ማሽን የሸጠላት ሰውዬ «ዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» ብሏት ነበር። በሁለተኛው ወር ተበላሽቶባት ተሸክማው ስትሄድ ሱቁ ጫማ ቤት ሆኖ ጠበቃት። ጫማ ሻጩም ከላይ እስከ ታች አይቷት «እግርሽን ልለካ?» አላት። ከዚያ ወዲህ እህቴ ዋስትና የሚል ቃል ስትሰማ እግሯን ትሰበስባለች።

የመጀመሪያው ሱቅ መስታወት በመስታወት ነው፤ ስንገባ እኔና እህቴ አሥር ሆንን። ክራባት ያሰረ ሻጭ እየሳቀ ተቀበለን።

«ቢበላሽ ማን ይጠግንልኛል?» አለችው እህቴ።

«የእኛ ማሽን አይበላሽም፣ እህቴ።»

«ቢበላሽስ?»

«አይበላሽም እኮ ነው የምልሽ።»

«የማይበላሽ ማሽንና የማይዋሽ ወንድም እስከ ዛሬ አላየሁም» ብላ ወደ እኔ ገልመጥ አለች። «ካየሁ ሁለቱንም እገዛለሁ።»

ወጣን።

ሁለተኛው ሱቅ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ መሳቢያ ብቻ። በእያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ «ሞላ»፣ «ጥርስ»፣ «የቦቢን ቤት»፣ «መርፌ ለወፍራም»፣ አንዱ ላይ ደግሞ «ስሙ የጠፋኝ»። ከመሳቢያዎቹ ፊት ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ሴት ተቀምጠዋል። ሌላው ሰው እስክሪብቶ የሚሰካበት ጆሯቸው ላይ ካቻቢቴ ሰክተዋል። ከተማው ሁሉ እማማ ካቻቢቴ ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ።

«እናቴ፣ ቢበላሽ ማን ይመጣል?» አለች እህቴ፣ ያንኑ ጥያቄ።

«እኔ።»

«አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። አሳንሰር የለውም።»

«የሚያመው የእኔ ጉልበት፣ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ስትደውይ ነዋ።»

እህቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ እሷን አውቃታለሁ፤ ከተቀመጠች ገዝታለች ማለት ነው። እማማ ካቻቢቴ አንድ ግራጫ ማሽን ከመደርደሪያ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከፈይ ሦስት እጥፍ ቢያገኝ እንኳ አይበገርም አሉ። ልቤ ክር እንደሚጠቀለልበት ቦቢን ተሽከረከረ።

«ግን ሳልፈትን አልሸጥም» አሉ። «ገዢው እዚሁ ፊቴ ከመርፌው ስር ያለውን ፈትቶ መልሶ ይገጥማል። ሆዱን ያላየለት ሰው ማሽን አይታዘዝለትም። በየሳምንቱ በትንሽ ነገር ከምትጠሩኝ፣ ትንሹን እናንተ ቻሉት፣ ትልቁን እኔ እችለዋለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ቀደመ። «እኔ እፈተናለሁ» አልኩ። «የአውሮፕላን ሞተር ፈትቼ ገጥሜ አውቃለሁ።»

«የት?» አሉ እማማ ካቻቢቴ።

«አየር ላይ።»

ከልባቸው ሳቁ። እህቴ ቀይ ክር ስታመሳስል ጀርባዋን ሰጥታን ነበር፤ ብትሰማ ኖሮ ጉዴ እዚያው በፈላ። እሳቸው ካቻቢቴውን ከጆሯቸው አውርደው ሰጡኝ።

ፈታሁ። መፍታት ማንም ይፈታል። ከመርፌው ስር ያለውን ሳህን አነሳሁ፤ ከሱ ስር ጨርቁን እየነከሰ ወደ ኋላ የሚያሳልፈው ጥርስ አለ፤ እሱንም አነሳሁ። ብሎኖቹን ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። ከዚያ በደስታ ስገጥም፣ ስገጥም፣ ስገጥም፣ ማሽኑ አለቀና ብሎን ቀረ። አንድ። የጤፍ ፍሬ የምታክል።

ልክ ያን ጊዜ ስልካቸው ጠራ። ክር የተወታተበባት ሰፊ ናት መሰለኝ፤ እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «አዎ ልጄ። አትጎትቺው፣ ቁረጪው። ቦቢኑን አውጪ። አሁን እፍ በይበት። አይዞሽ» እያሉ ከሩቅ ያዋልዷታል። እኔ ብሎኗን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ኪሴ ከተትኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ስልኩን ዘግተው ሲዞሩ ማሽኑ ሙሉ ሰው መስሎ ቆሟል። ቀጭን ብጣሽ ጨርቅ አስገብተው ሰፉበት፤ ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጥ ብሎ ሄደ። እኔን አዩኝ፣ ጨርቁን አዩ። «አለፍክ» አሉ። «ይገርማል።»

ረቡዕና ሐሙስ እህቴ የመጋረጃውን ገበር ሰፋች። ገበሩ ስስ ስለሆነ ማሽኑ በረረ። ክፍሉ ውስጥ ንፋስ ተነስቶ ካላንደሩ ሦስት ወር ወደፊት ተገለበጠ። ድመታችን ጠቅልላ ሦስተኛ ፎቅ ገባች። ስትሰፋ የማታንጎራጉረው እህቴ አንጎራጎረች። እኔም ጨርቅ እያቀበልኩ አብሬ ልጨፍር ስል ኪሴ ወደ ታች ይጎትተኛል። የጤፍ ፍሬ ያልኳት ብሎን ሐሙስ ከሰዓት አንድ ኪሎ ሞልታ ነበር። ያለሷም ይሠራል እኮ፣ ትርፍ ብትሆን ነው፣ ፋብሪካው አብዝቶ ሰጥቷት ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ራሴን ማታለል ከሌላው ሰው ይቀለኛል፤ ቶሎ ያምነኛል።

ዓርብ ጠዋት ከፈዩ ገባ። አንድ ክንድ ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ «ቀጭ፣ ቀጭ» አለ። ከዚያ «ገጭ»። ጨርቁ ቆመ። እህቴ ቀና አድርጋ ስታየው ስፌቱ የሰካራም መንገድ ሆኗል።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እጇን ከፈዩ ላይ አሳርፋ «ነገ ነው እኮ» አለች። ከዚያ ስልኳን አነሳች። «እስቲ የገዛሁትን ሰው እንየው።»

ስልኩ ሳይዘጋ ኮቴያቸውን ደረጃው ላይ ሰማን ብል ትንሽ ማጋነን ነው። ግን የቀዳሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ እማማ ካቻቢቴ ቦርሳቸውን ታቅፈው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ በሩ ላይ ቆሙ። ሰላምታ ከማሽኑ ጀመሩ። ሳህኑን አነሱ፣ መነጽራቸውን አጠጉ፣ ጥርሱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ይህን ጥርስ ሁለት ብሎን ነው የሚይዘው» አሉ በመጨረሻ። «አንዱ የለም። ስስ ጨርቅ ላይ አይታወቅም፤ ከፈይ ሲጎትተው ተንጋደደ።»

«የት ሄደ?» አለች እህቴ።

«ከሱቄ ሲወጣ ጎድሎ ነው የወጣው። ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ከፍቼ አላየሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ።»

ቦርሳቸውን ከፍተው ሌላ ብሎን መፈለግ ጀመሩ። እህቴ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። «መጋረጃው ይለቅ» አለች፣ «ሰኞ መጥተው ማሽንዎን ይወስዱልኛል። ሁለተኛ ጊዜ አልሞኝም።»

«መብትሽ ነው።» ጣታቸው ቦርሳው ውስጥ ቆመ። «ሠላሳ ዓመት ብሎን ሳላጎድል ሠርቻለሁ። ዓይኔ ደከመ መሰለኝ። ዓይን ከደከመ ደግሞ በሰው እንጀራ መጫወት ነው፤ መተው ነው የሚሻለው።»

እዚህ ላይ ኪሴ ሊቀደድ ደረሰ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ብሎኑ እኔ ጋ ነው። ስገጥም ተረፈኝና ደበቅኩት።»

«አሁን ቀልድህን አትጀምር» አለች እህቴ።

አውጥቼ በመዳፌ አሳየኋት። አንዴ ብሎኗን፣ አንዴ የእማማን ክፍት ቦርሳ አየች። «ከቦርሳቸው ነው ያነሳኸው። አሳዝነውህ ነው።»

«እውነቴን ነው፣ እቴቴ።»

«እውነትህን? ከመቼ ወዲህ ኖሮህ?»

ጉድ እኮ ነው። በባልዲ ዓሣ ነባሪ ያዝኩ ብዬ ግማሽ ሰፈር አምኖኝ ቁርጥራጭ እንድሰጠው ጠይቆኛል። ዛሬ እውነቱን ከነማስረጃው ይዤ ቆሜ አንዲት እህት ማሳመን አቃተኝ። እማማም ፈገግ ብለው «ደግ ልጅ ነህ፤ ግን ለእኔ ብለህ አትዋሽ» አሉኝ።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ይፈትኑኝ» አልኩ። «አሁን፣ እዚሁ። እንደዚያን ቀን ፈትቼ ልግጠም።»

«ከፈዩ እየጠበቀኝ ነው» አለች እህቴ።

«አምስት ደቂቃ ነው» አሉ እማማ፤ ብሎኗን ወደ ቦታዋ አስገብተው ካቻቢቴውን ሰጡኝ።

ፈታሁ። ደረደርኩ። በዚህች ምድር ላይ እንደዚያች ሰዓት ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም፤ ትንፋሼን እንኳ እየቆጠብኩ ነበር። እያንዳንዷን አስገባሁ፣ አጠበቅሁ። ሳህኑን መለስኩ። ላቤን ጠርጌ ጨርቁን ሳይ አንድ ብሎን ተኝታለች።

እማማ ካቻቢቴ አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አዩአት። ሳህኑን ከፍተው ከስሩ አዩ። ያችው ቦታ ናት። ያው የግራው ቀዳዳ። ሳቅ ጀመራቸው፤ እየሳቁ የከፈዩ ጥቅል ላይ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይሄ ልጅ ሲዋሽ በየቀኑ ይለያያል» አሉ። «ሲሳሳት ግን አይለያይም።»

እህቴ አልሳቀችም። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየች። «እናቴ፣ ይቅርታ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ተነስ» አለችኝ፤ ወንበሬን ሳልለቅ ልትቀመጥብኝ ምንም አልቀራት።

ካቻቢቴውን ያዘች። ፈታች፣ ጥርሱን አነሳች፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳ ገጠመች።

«ስንት ተረፈሽ?» አሉ እማማ።

«ምንም።»

«እንግዲህ አሁን ሸጥኩልሽ።»

ከዚያ የሆነውን ስነግራችሁ እንደ ልማዴ አትቁጠሩት። የተንጋደደውን ስፌት ፈትታ ከፈዩን ስታስገባ ማሽኑ እንደ ቅቤ ነው ያሳለፈው። የመጋረጃው ጭራ ክፍሉን ሞልቶ ኮሪደሩን ይዞ ደረጃውን ወርዶ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰ። እኔ ከላይ፣ እማማ ከታች ሆነን ተሸከምንላት። እማማ ሱቃቸውን ዘግተው ነበር የመጡት፤ ስልካቸው በጠራ ቁጥር ከፈዩን በአንድ ክንዳቸው እንደታቀፉ «ቦቢኑን አውጪ፣ እፍ በይበት» ይላሉ። ጎረቤት ሁሉ ከቤት ወጥቶ የቀይ ወንዙን ዳር ዳር ይዞ ቆመ። ጀንበር ሳትጠልቅ የመጨረሻው ክር ተቆረጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። ሦስታችን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጇ ከመድረኩ ጠርዝ እጇን ስታነሳ እህቴ ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ከአጥንቴ ጋር ሰላምታ ተለዋወጠ። ገመዱ ተሳበ። ቀዩ ከፈይ ከመሃል ተከፈለና እንደ ውሃ ወደ ሁለቱ ጎን ሸሸ። አልያዘም፣ አልተንጋደደም፣ አንድ ክር አልለቀቀም። ተዋናይ ሳይወጣ፣ ገና ምንም ሳይጀመር ሕዝቡ ለመጋረጃው አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጇ ከዚያ ሆና እህቴን ፈልጋ አገኘቻትና ራሷን ነቀነቀችላት።

እማማ ካቻቢቴ ወደ እህቴ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ታዲያ ሰኞ ማሽኑን ልወስድ ልምጣ?»

«ማሽኑን አልሰጥም» አለች እህቴ፣ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል። «ባዶ እጅዎን ከሚመለሱ ወንድሜን ይውሰዱት።»

እማማ ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ እንደ አሮጌ ዕቃ።

«ይቅርብኝ» አሉ። «መለዋወጫ አይገኝለትም።»