አንድ መስመር የወረደች ቁጥር

«እዚህ ጋ ነው፤ እዪው!» አለች የሊፍት ጠጋኙ ሚስት፣ ከባሏ መመሪያ ላይ የተገነጠለውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። «እንደተጻፈው ነው ያደረገው። ፖሊሶቹ ግን አሰሩት፤ ማን ይስማው!»

የሊፍት ኩባንያው ሰነድ አዘጋጅ ገጹን ስታየው ክው አለች። የራሷ ሥራ ነው። ሊፍቱን የሚያዘው የኮምፒውተር ኮድ መስመር በመስመር ተደርድሯል፤ አንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ ክብ ውስጥ ያለ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ የየቁጥሩ ማብራሪያ። ቢሮው ውስጥ «ቁጥሬ» የሚሏትም በዚሁ ሥራዋ ነው። ሦስተኛው ማብራሪያ «በጥገና ጊዜ ይህን መስመር ማጥፋት ይቻላል» ይላል፤ የደወሉን መስመር ማለቷ ነበር። ቁጥሯ ግን አንድ መስመር ወርዳ በሩን የሚቆልፈው ላይ ቆማለች። ጠጋኙ የተባለውን አጠፋ። ሊፍቱ ሳይመጣ በሩ ተከፈተ፤ ባልዲዋን ይዛ የገባች የጽዳት ሠራተኛ ከአምስተኛ ፎቅ ወድቃ ሞተች።

ቁጥሬ ነገሩ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባት። ድሮ ምልክቶቹን የምታስገባው እዚያው ኮዱ ውስጥ ነበር፤ መስመሩ ቢወጣ ቢወርድ ምልክቱም አብሮት ይሄዳል። ፕሮግራመሮቹ «ኮዳችንን አቆሸሽሽብን» ብለው ጮኹ። አለቃውም «በቃ፣ ስንተኛ መስመር እንደሆነ ብቻ ቁጠሪና እሰሪው፤ ምን ያጨቃጭቅሻል?» አላት። እሺ አለች። ከዚያ አንዱ ፕሮግራመር ሳይነግራት ከላይ አንዲት መስመር አጠፋ፤ ኮዱ ወደ ላይ ሲሳብ ቁጥሮቹ ባሉበት ቀሩ፣ ማብራሪያው ሁሉ ተዛነፈ። ከመታተሙ በፊት እንደገና ማየት የእሷ ፈንታ ነበር፤ አላየችም።

«እህቴ፣ አንዴ ጠብቂኝ» አለቻትና አለቃው ዘንድ ገባች።

«ሰምቻለሁ» አላት ገና በሩን ሳትዘጋ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቁጥሮቹን አንድ አንድ መስመር ከፍ አድርጊና መልሰሽ አስቀምጪው። መመሪያው የወጣበትን ቀን እንዳትነኪ፤ ድሮም እንዲህ ነበር እንላለን።»

«ሰውየውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የታሰረው ነዋ!»

«ጠበቃ ያቁም። ደወልና በር የማይለይ ምን ዓይነት ጠጋኝ ነው?»

«ኮዱን ከየት ያንብበው? በቁጥሩ እመን ያልነው እኮ እኛ ነን!»

አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ቁጥሬ፣ ላንቺው ብዬ ነው። ነገሩ ከተነሳ የሚያዘው ያንቺ እጅ ነው። ልጆች አሉሽ፤ ባልሽ ሥራ ከፈታ ከርሟል። ሆድ ይፍጀው በይ።»

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ቁጥሯን አንድ መስመር ከፍ አደረገቻት። ደወሉ ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። ይኼው ነው በቃ! ሰው የሞተበት ነገር በአንድ ጣት ሲቃና ስታይ አንገሸገሻት። ፈርታለች፤ ልጆቿን አሰበች፣ ማታ በር የሚከፍትላትን ባሏን አሰበች። አሮጌው ገጽ ደግሞ ዛሬም በየሕንጻው፣ በየጠጋኙ ኪስ ውስጥ አለ።

የዛሬውን ቀን ጻፈች። ከስሩም፦ «ቀድሞ በወጣው መመሪያ ቁጥር ሦስት የተቀመጠችው በተሳሳተ መስመር ላይ ነው። የበሩን መቆለፊያ አታጥፉ። ስህተቱ የመመሪያው እንጂ የጠጋኙ አይደለም።» ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አስገባችና ለደንበኞች ሁሉ ላከችው። አንዱን ቅጂ አትማ ወጣች።

«ይሄን ይዤ ልሂድ?» አለች ሴትዮዋ፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ።

«ብቻሽን አያምኑሽም። አብሬሽ ጣቢያ እሄዳለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ እህቴ! ማን ናት ቢሉኝስ ምን ልበላቸው?»

«መመሪያውን የጻፈችው እሷ ናት በያቸው።»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ደረጃው ሄደች። ቁጥሬም ቦርሳዋን አንስታ ከኋላዋ ወረደች።