በሳምንት ሦስት ጠመኔ

የስፌት ቤታችን ባለቤት ጋሼ የነገሩኝ እንዲህ ነው። እህቴ ከእሳቸው ጀርባ ለሌላ ስፌት ቤት ልብስ ትቆርጣለች። ጨርቅ የምታሰምርበት አንድ የሸክላ ጠመኔ ድሮ ሳምንት ሙሉ ያቆያት ነበር፤ አሁን በሳምንት ሦስት ትጨርሳለች፣ ስባሪው እንኳ ጠረጴዛዋ ላይ አይገኝም። በምሳ ሰዓት ትሰወራለች፤ ስትመለስ ሮጣ እንደመጣች ሰው ታለከልካለች። ከሰዓት በኋላ እጇ ይዝላል። ባለፈው ሳምንት የአሥራ አራት ሱሪ የፊት ገጽ በሁለት ሴንቲ አሳጥራ ቆርጣለች፤ በሃያ ዓመት ውስጥ መቀሷ ከመስመር ወጥቶ የማያውቅ ሴት! «ድካሙ ከየት መጣ? ሌላ ቦታ እየሠራች ነዋ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ» አሉኝ።

እህቴ የነገረችኝ ደግሞ እንዲህ ነው። ጋሼ የማይረባ ጠመኔ መግዛት ጀምረዋል፤ ገና ሲነኩት ይፈረፈራል። በምሳ ሰዓት ነፋስ ለመቀበል ጣሪያው ላይ ትወጣለች፤ ሦስት ፎቅ በደረጃ የወጣ ሰው ደግሞ ማለክለኩ አይቀርም። ሱሪዎቹ ያጠሩት በልኬት ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ስለማይነበብ ነው።

ልኬት የምወስደውም ወረቀቱን የምጽፈውም እኔ ነኝ።

ስለዚህ አንዳቸውንም ከማመኔ በፊት ያሉትን ነገር አንድ በአንድ አጣራሁ። የአሥራ አራቱን ሱሪ ወረቀቶች አወጣኋቸው፤ ቁጥሮቹ ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። ከሳጥኑ አንድ ጠመኔ ወስጄ በትርፍ ጋባርዲን ላይ ሃያ መስመር አሰመርኩበት፤ ጫፉ ዶለዶመ እንጂ አልተፈረፈረም። እህቴ ሁለት ጊዜ ዋሽታኛለች ማለት ነው። የጋሼም ወሬ ግን አልገጥም አለኝ። ከእህቴ ጋር አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ትዘረራለች። ለሌላ ሰው የምትቆርጠው መቼ ነው?

የስፌት ቤቱ ሰዎች የማያውቁትን አንድ ነገር እኔ አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት «ዘመድ ልጠይቅ» ብላ ፈቃድ ስትወስድ የሄደችው ሆስፒታል ነበር። ውፍረቷን ለመቀነስ ጨጓራዋን አሳንሰው፣ አንጀቷን ወደ ሌላ መንገድ አዙረው ቀጠሉላት። አልጋዋ ሥር የተኛሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም እንዳልናገርም አስምላኛለች። ያኔ በሥራ ቦታ «ትራስ» ነበር የሚሏት። ከተመለሰች በኋላ በየወሩ እያነሰች ስትሄድ «መርፌ» አሏት። እንዴት አድርጋ እንደከሳች ሲጠይቋት «ከእግሬና ከአፌ ነው፤ አንዱን አስሮጥኩት፣ ሌላውን ዘጋሁት» ትል ነበር። ንግግሯ ተወደደላት። አንዳንዶቹ ጭራሽ እንደ ምክር ያዙት።

ሰኞ ዕለት ቁልፍ የምትሰፋው ሴትዮ ከማሽኗ ኋላ ሆና ለከፈቻት።

«አንቺ መርፌ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ገበር መስሏል እኮ።»

«ዱቄት ተቀብቼ ነው።»

«ዱቄቱን ከየት አመጣሽው? ከጋሼ ጠመኔ ፈጭተሽ ነው?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እህቴ ግን መሐረቧን አውጥታ አፏን ጠረገች። ፊቷን ነበር የተባለችው፤ የጠረገችው አፏን ነው። ያን ጊዜ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ።

በምሳ ሰዓት ከኋላዋ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን እንደ አሮጊት ነበር የምትወጣው። ሦስቱን ፎቅ ስትወጣ አምስት ጊዜ ቆመች፤ በቆመች ቁጥር ብረቱን በአንድ እጇ ይዛ ሌላውን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ነፋስ ልትቀበል ወደ ጣሪያው አልወጣችም። የጨርቅ ጣቃ ወደሚከመርበት ክፍል ገባች። በሩ ላይ ሆኜ ሳዳምጥ ጠጠር የሚያኝክ ሰው የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ።

ስገባ ጣቃ ላይ ተቀምጣለች። በእጇ የያዘችው ጠመኔ እንደ ብስኩት ተገምጧል።

«ምን ትሰልለኛለህ?» አለች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የምትበዪው?»

«ምንም።» ከንፈሯ ነጭ ነበር።

«ጋሼ ለሌላ ትቆርጣለች ብለው ሊያባርሩሽ ነው። አንቺ እዚህ ጠመኔ ትቆረጥሚያለሽ።»

«ሂድ ንገራቸዋ! ሌባ ይበሉኝ፤ እብድ ከሚሉኝ ይሻለኛል።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ሽታው ነው፤ መሬት ዝናብ ሲነካው እንደሚሸተው። ሁለተኛ አልነካም ብዬ እምላለሁ፤ ምራቄ ሲሞላ ግን መሐላዬ ይጠፋኛል።»

«ታመሽ ይሆናላ።»

«ተመርምሬያለሁ!» ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። መንገድ ዳር ያለ ክሊኒክ ከአሥር ወር በፊት ጣቷን ወግቶ የሰጣት ውጤት ነው። ሄሞግሎቢን 12.1፤ ከጎኑ «መደበኛ» የሚል ተጽፎበታል። ወረቀቱ እውነተኛ ነበር።

«ኦፕራሲዮን ያደረገሽ ሆስፒታልስ? በየጊዜው ተመለሺ ብለውሽ አልነበር?»

«ሁለቴ ሄድኩ። ከዚያ ተሻለኝ። እነሱ የሚያዩት በሥራ ሰዓት ብቻ ነው፤ ጋሼን ምን ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«ኮሌጅ የላክሁህ ተረት ይዘህልኝ እንድትመጣ ነው?»

በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። ሆስፒታሉ ደሟን ይመረምራል። ደህና ከሆነ እኔ ለጋሼ «ጠመኔው በእርግጥ ይፈረፈራል» ብዬ እመሰክርላታለሁ። መዋሸት እንደማልችልበት ታውቃለች፤ ይህን ማለቴ በጣም አሳቃት።

ረቡዕ ጠዋት መብራት ጠፋና ጋሼ ሁላችንንም አሰናበቱን። ከስፌት ቤቱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

የተቀበለችን ነርስ ጠና ያለች፣ ቸኩላ የማትናገር ሴት ናት። የእህቴን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ አየችው። ቀይ መሆን የነበረበት ውስጡ ታጥቦ ታጥቦ የለቀቀ ጨርቅ ይመስል ነበር። ጥፍሮቿን አገላበጠች፤ መሐላቸው ጎድጉዷል። ከዚያ ጥያቄዋን ቀጠለች፤ ደረጃ ያደክምሻል? ልብሽ ይመታል? እግርሽን ይደነዝዝሻል? የወር አበባሽ ይበዛል? ለራስ ምታት የምትውጪው ማስታገሻ አለ?

«በረዶ፣ አፈር፣ ጠመኔ፣ እንዲህ ያለ ነገርስ ያምርሻል?»

እህቴ ዞራ አፈጠጠችብኝ። «አንተ ነህ የነገርካት!»

«ኧረ እኔ አፌን አልከፈትኩም!»

«ለሁሉም ነው የምንጠይቀው» አለች ነርሷ። «ትናንት የመጣችው ከማቀዝቀዣው በረዶ እየጫረች ስትበላ ባሏ ሌላ ነገር ጠርጥሯት ነው ይዟት የመጣው። ከእሷ በፊት የነበረችው ጥሬ ሩዝ ነበር የምትቆረጥመው። ብረት ከሰውነት ሲያልቅ የሚመጣ አምሮት ነው።»

«ጠመኔ» አለች እህቴ። «የሸክላው።»

ነርሷ ፊቷ ሳይለወጥ ጻፈችው። «የታዘዘልሽን የብረት ኪኒንስ ትወስጃለሽ?»

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም!» አለች እህቴ፤ ይህን በኩራት ነበር ያለችው። «ጠዋት ጠዋት ብረቱን፣ ካልሲየሙን፣ የጨጓራውን፣ ሁሉንም ባንድ ላይ በሻይ በወተት እውጠዋለሁ።»

«ሁሉንም ባንድ ላይ? ለምን?»

«ሥራ ቦታ ኪኒን ስውጥ እንዳያዩኝ ብዬ።»

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። ብረትና ካልሲየም አንድ በር ላይ የሚጋፉ ነገሮች መሆናቸውን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ማራራቅ እንደሚገባ፣ ሻዩና ወተቱ ደግሞ በሩን ይባስ እንደሚያጠቡት አስረዳቻት። «አንቺ ላይ ደግሞ ዋናው በር በኦፕራሲዮኑ ታልፏል። ብረት በብዛት የሚገባበት የአንጀት ክፍል ላይ አሁን ምግብ አያልፍም። በቀረችው ጠባብ መግቢያ ነው ሁሉንም ባንድ ጊዜ የምታጋፊው።»

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ደረሰ። ሄሞግሎቢኗ 7.6 ነው። ፌሪቲን የሚባለው 4።

የክሊኒኩን ወረቀት ለነርሷ ሰጠኋት። «ይህስ ውሸት ነበር ማለት ነው?»

«አልዋሸም። የእናንተ ሥራ ስፌት አይደል? መደርደሪያው ላይ ጨርቅ አለ ማለት መጋዘኑ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ያኔ መደርደሪያውን፣ ሄሞግሎቢኑን ነው ያዩላት፤ እሱም ሊጎድል ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መጋዘኑን የሚያሳየው ፌሪቲን ነው፤ ያን ማንም አላየላትም። እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው ሁለቱንም፣ ከቫይታሚን ቢ 12 ጋር፣ ደህና ነኝ ባለ ጊዜም ቢሆን በየዓመቱ ሊመረመር ይገባል።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞረች። «ኪኒን አሁን አይደርስልሽም። ብረቱን በደም ሥር እንሰጥሻለን፤ በሚመጣው ሰኞና ከዚያ በሚቀጥለው ሰኞ። የተቀጠለው ቦታ ቆስሎ እየደማ እንደሆነም በካሜራ እናየዋለን። ልብሽ ይህን ይዞ ሩቅ አይሄድም። አንድ ቀን መቀስ እንደያዝሽ ብትወድቂስ?»

ወደ ቤት ስንሄድ እህቴ አደባባዩ ላይ ቆመች።

«ሕክምናው ይቆይ» አለች። «መጀመሪያ ይህ የያዝነው የልብስ ትዕዛዝ ይውጣ።»

«የፈቃድ ወረቀት ይሰጡሻል እኮ።»

«ወረቀቱ ላይ የክፍሉ ስም አለ! ጋሼ ሲያነቡት ‹ሆዷ የተቀደደ ቆራጭ› ብለው ጠረጴዛዬን ለዚያ አዲስ ለቀጠሩት ቆራጭ ይሰጡታል።»

ጋሼ እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ አይችሉም ብዬ አልተከራከርኩም። ግን ሙሉው ይህ አልመሰለኝም። ድሮ እውነት ስትናገር ቀና ብላ ነው፤ አሁን የምታየው አስፋልቱን ነው።

«ሌላም ነገር አለ።»

«አለ» አለች። «አፌን ዘግቼ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ተኩራራሁባቸው። አሁን ተመልሼ በቢላ ነው ልበላቸው?»

ሐሙስን እንዲሁ ዋልን። ኪኒኖቿን ለያይታ መዋጥ ጀመረች፤ የሥራ ሰዓቱን ግን መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ። ጋሼ ጣቃ ቤቱን በቁልፍ ዘጉት። ዓይናቸው ከእሷ ላይ አይነሳም፤ የእኔም እንደዚያው። አንዳችን ስትሰርቅ፣ አንዳችን ስትወድቅ ልንይዛት ነበር የምንጠብቀው።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ መቁረጫ ጠረጴዛው አጠገብ መጥተው ቆሙ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ትናንት መጸዳጃ ቤት አራት ጊዜ ገባሽ፤ አራቱንም ጊዜ ቦርሳሽን ይዘሽ። ክፈችልኝ።»

እህቴ ቦርሳውን ወደ ሆዷ አስጠጋችው።

«ለማን ነው የምትቆርጪው? ንገሪኝና ይብቃን።»

«ጋሼ» አልኩ፤ መሐላዬ ስለያዘኝ «ትንሽ ታገሡን» ከማለት ሌላ አልጨመርኩም።

የተነሳችው ቁልፍ ሰፊዋ ናት። «እንዴ ጋሼ! ሃያ ዓመት አብራዎት የሠራች ሴት ቦርሳ ይፈተሻል?» ንግግሯን ሳትጨርስ ጠረጴዛውን ለመያዝ እጇን ዘረጋች፤ ስታው ተንገዳገደች። ደግፌ አስቀመጥኳት። ግንባሯ በላብ ርሷል።

«ምንም አይደለም» አለች እየሳቀች። «መርፌ እንዳለችኝ ምሳ ከተውኩ አራት ወር ሆነኝ። ትንሽ ያዞረኛል።»

«አራት ወር?» አለች እህቴ።

«ታዲያ አፍሽን ዝጊ አላልሽኝም? አንቺ ላይ የሠራው እኔ ላይ እምቢ አለ እንጂ። አንድ ኪሎ አልወረደልኝም፤ የእኔ ሰውነት ግትር ነው።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። እህቴ ቁልፍ ሰፊዋን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ የኪኒን ማሸጊያዎች፣ የተገመጠ ጠመኔ፣ የሆስፒታሉ ወረቀት። ጋሼ ጠመኔውን አንስተው የጥርሱን ምልክት አዩት፤ መልሰውም አስቀመጡት።

«ለማንም አልቆርጥም፣ ጋሼ። ጠመኔዎን የበላሁት እኔ ነኝ። ሱሪዎቹንም ያበላሸሁት እኔ እንጂ የወንድሜ ጽሑፍ አይደለም፤ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል።» ወደ ቁልፍ ሰፊዋ ዞረች። «እኔ አፌን ዘግቼ አይደለም የከሳሁት። ሆዴን በኦፕራሲዮን አሳንሼ ነው። ዋሽቼሻለሁ። ዛሬ ምሳሽን ትበያለሽ።»

ጋሼ ወረቀቱን አንስተው አነበቡት፤ አጠፉት፤ እንደገና ዘርግተው አነበቡት። ምን እንዳሰቡ ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም።

«የሰኞው ትዕዛዝስ?» አሉ። «ማን ይቆርጠዋል?»

«አላውቅም» አለች እህቴ። ቤቱ በሙሉ ይሰማታል። «እኔ ሰኞ ሆስፒታል ነኝ፣ የሚቀጥለውም ሰኞ። ጠረጴዛውን ለሌላ ሰው መስጠት ከፈለጉ ይስጡት፤ እኔ ግን እሄዳለሁ።»