የበሬ ገበያው ጥናት

በ1965 ዓ.ም. ጥር ላይ መምህር ገብረ አምላክ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመረና የኢኮኖሚክስ ፕሮጀክት እንዲሠሩ አዘዘ። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ሰቆጣ የተላከ ቀጭን ወጣት ነበር። «ከአገራችሁ ምርት አንዱን ምረጡ» አላቸው። «ማን ያመርተዋል፣ ማን ይሸጠዋል፣ ማን ይገዛዋል? ከመጽሐፍ አትገልብጡ። ሄዳችሁ ሰው ጠይቁ። በሚያዝያ የመንግሥት እንግዶች መጥተው ያዩላችኋል።»

ተስፋው ከውዴ ጋር ደረሰው። እሱ ከፃግብጂ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ከተማው ዳር ጎጆ ተከራይቶ ይማራል። እሷ የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ልጅ ናት፤ አባቷ ቅኔ ያስተምራሉ፣ ብራናም ይፍቃሉ። ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ውዴ «ማር» አለች፤ ተስፋውም ተስማማ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ወዲያው መዘገባቸው። ማር ለእንግዳ የሚያምር ነገር ነው ብሎም አመሰገናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ውዴ አጎት ወደ ደሴ ቤት ሄዱ። ደሴ በአካባቢው የታወቀ ንብ አናቢ ነበር። ጓሮው ውስጥ ካለችው ወይራ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች አሳያቸው። አንዱን አውርዶ ክዳኑን ሲከፍተው የደረቀ ሰፈፍና የሸረሪት ድር ብቻ ወጣ።

«ንቡስ?» አለች ውዴ።

«ሄደ።»

«የት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወደ ተከዜ ወርዶ ይሆናል። ምን ቀስሞ ይቀመጥ? አበባ የት አለና!» ቀፎውን መልሶ አልሰቀለውም። ከግድግዳው ሥር፣ ለማገዶ ከተፈለጡት ሌሎች ቀፎዎች አጠገብ አስቀመጠው።

ሚስቱ በቅል ውሃ ይዛላቸው ወጣች። ሌላ የምትሰጣቸው ስላልነበራት ፊታቸውን ማየት አፍራ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሲሰናበቱ «የወንድሜ ልጅ መጥታ ባዶ አፏን ሸኘኋት» እያለ ደሴ እስከ መንገዱ ተከተላቸው።

ሰኞ ለመምህራቸው የሆነውን ነገሩት። ገብረ አምላክ ጠመኔውን በጣቶቹ መሀል እያሽከረከረ አሰበ።

«ታዲያ አሁን ገበያው ላይ የሞላው ምንድን ነው?»

«ከብት» አለ ተስፋው። «እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። የእርሻ በሬ ሳይቀር።»

«እንግዲያው እሱን አጥኑ።»

መምህሩ ሰሌዳው ላይ መስመሮች አሰመረ። ሻጭ ሲበዛ፣ ገዢ ሲያንስ ዋጋ እንደሚወርድ አስረዳቸው። መስመሩ ወደ ታች ወረደና ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ ቆመ። ተስፋው ከዚያ በታች ምን እንዳለ መጠየቅ ፈልጎ ተወው።

ሻጮቹን የሚጠይቁትን አብረው አወጡ፦ ከየት መጡ? ለምን ይሸጣሉ? ለከርሞ በምን ያርሳሉ?

በገበያው ቀን ከብት ተራው በአቧራ ታፍኖ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ሸሻቸው። ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ ግብር ጻፊ ነው የሚመስላቸው። ተስፋው በአገውኛ ሲያናግራቸው ግን ቀስ በቀስ ቀረቡ። አንዱ ከሰሃላ እየነዳ ሲመጣ መንገድ ላይ ጥጃ እንደሞተበት ነገራቸው። አንዲት ሴት ባሏ በሬ ሸጦ ስለማያውቅ ገበያ አላውቅም ብሎ እሷን እንደላካት አወራች፤ በምን እንደሚያርሱ ሲጠይቋት ግን ሳቀች፤ ሳቋም ቶሎ አላባራ አለ። ውዴ የሰማችውን ሁሉ ትጽፋለች።

እኩለ ቀን ላይ ውዴ የተስፋውን ክንድ ነካ አደረገችው። «እኒያ ሰውየ አንተን ነው የሚያዩት።»

ዞር ሲል አባቱ ምንዋጋው ቆመዋል። ቦራውን ይዘዋል። ተስፋው ከእግሩ ሥር እየተሯሯጠ ያደገበት በሬ ነው፤ አሁን የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ወጥቷል።

«አባየ! ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብየ ልንገርህ?» አሉ። ጉንጫቸው ሟሙቷል፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ይንሸራተታል። «አንተስ ወረቀት ይዘህ የምትዞረው ምንድን ነው?»

«የትምህርት ነው። ሻጮቹን እንጠይቃለን።»

«ምን ብላችሁ?»

ተስፋው ወደ ውዴ ዞረ። ውዴ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረቻቸው። ምንዋጋው አዳምጠው ሲጨርሱ ልጃቸውን አዩት።

«ታዲያ እኔን አትጠይቀኝም? ይሄ ሁሉ ሰው ሲጠየቅ እኔ ከሰው አንሼ ነው?»

«አባየ፣ የእርስዎንማ አውቀው የለም እንዴ?»

«ጠይቀኝ እንጂ! ሥራህን በኔ ምክንያት አታጉድል።»

በዙሪያቸው ያሉት ገበሬዎች ቀርበው ያያሉ። ተስፋው ወረቀቱን ገለጠ።

«ከየት መጡ?»

«ከፃግብጂ።»

«ለምን ይሸጡታል?»

«ጎተራው ተጠርጓል። ዘሩንም በላነው። እናትህ ከተኛችበት የምትነሣው ግድግዳ ይዛ ነው።»

«ለከርሞስ... በምን ያርሳሉ?»

ምንዋጋው እጃቸውን ከበሬው ሻኛ ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ።

«ይሄን ሲጠየቅ ዝም አለ ብለህ ለመምህርህ ንገረው።»

ከሩቅ የመጣ ነጋዴ የቦራውን ጎን በመዳፉ ዳበሰ። «ሥጋ የለውም። ለቆዳው ብየ ነው የምወስደው» አለ። ምንዋጋው አልተከራከሩም። በሬው ሊነዳ ሲል ብቻ ተጠግተው «ገመዱን መልስልኝ» አሉት። ነጋዴው ስቆ በራሱ ገመድ አሰረው። ምንዋጋው ገመዳቸውን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ጣሉና እህል ተራ ገቡ። ከዚያ ሲወጡ የያዙት ማሽላ የስልቻውን ወገብ እንኳ አልደረሰም።

ተስፋው አብሬ ልሂድ ቢል ቆጡት። «ሄደህ ምን ታደርጋለህ? አንድ አፍ ልትጨምርብኝ? ትምህርትህን እንዳታቋርጥ።» ከቤት የሚላክለት ስንቅ ከተቋረጠ ቆይቶ ነበር፤ የሚበላው የውዴ አባት መሪጌታ ከደጀ ሰላም ከሚደርሳቸው ዳቦ የሚያካፍሉትን ነው። ይህን ግን ለአባቱ አልነገራቸውም።

ከዚያ በኋላ ዝግጅቱን የያዘችው ውዴ ናት። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሲፋቅ የተቀደደባቸውን ሰፊ ብራና ሰጧት። «ዘንድሮ የፍየል ቆዳ ሞልቷል» አሉ በሐዘን፤ «ፍየሉ አልቆ።» ውዴ በአባቷ ቀለም መሀሉ ላይ ሰቆጣን ሣለች። ከፃግብጂ፣ ከሰሃላ፣ ከየገጠሩ ወደ ከተማው የሚገባውን መንገድ ሁሉ ዘረጋች፤ በየመንገዱም በሬዎች ሣለች። ሁሉም የሚወጡት በአንድ መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ የሣለችው ቆዳ ብቻ ነበር። ተስፋው ከሥሩ የገበሬዎቹን መልስ እየመረጠ ጻፈ። ለሦስተኛው ጥያቄ የተተወው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ገብረ አምላክ ሲያየው «እኔ ይሄን ማስተማር አልችልም ነበር» አለ።

ዲሬክተሩ ያየው እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ ነው።

«ማር አልነበረም እንዴ ያላችሁት? ለእንግዶቹ የተነገረው ማር ነው።»

«ማሩ ጠፋ፣ ጌታየ» አለች ውዴ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ረሃብ አለ ልትሉ ነው? መንግሥት ያላለውን?»

«ልጆቹ ረሃብ አላሉም» አለ ገብረ አምላክ። «በሬ ነው የሣሉት።»

«እኔ ማንበብ አልችልም?» ዲሬክተሩ በሩን ዘጋ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ልጄ፣ አንተ ዓመትህን ጨርሰህ ትሄዳለህ። እኔ ልጆች አሉኝ። ማር ይሥሩ።»

ገብረ አምላክ ሁለቱን ውጭ አስቀምጦ እውነቱን ነገራቸው፤ እንቢ ካሉ ከትምህርት ቤቱ ሊባረሩ ይችላሉ፤ ቢሠሩት ግን እሱ አይፈርድባቸውም። ተስፋው ማሩን እንሥራ አለ። አባቱ ትምህርትህን እንዳታቋርጥ ብለውታል። ውዴ ባለ ቀለም ወረቀት ወስዳ ቀፎና አበባ ሣለች።

በዕለቱ እንግዶቹ በየጠረጴዛው እየቆሙ አለፉ። ተስፋው ስለ ማር ያወራው ሁሉ ያምር ነበር፤ ከየአበባው ምን ዓይነት ማር እንደሚወጣ፣ ነጩ ለምን እንደሚወደድ ተናገረ። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ጥላ የያዙ እንግዳ ፈገግ አሉ።

«ታዲያ ቅመሱ አትሉንም እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ውዴ አልሳቀችም።

«ማር የለም» አለች።

«እንዴት የለም?»

ተስፋው ዲሬክተሩን አየ። ዲሬክተሩ በዓይኑ ይለምነው ነበር።

«ንቡ ሄዷል፣ ጌታየ» አለ ተስፋው። «ሰዉም እየሄደ ነው።»

እንግዳው ጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉና የተዘረጋውን የሱፍ ባና በጣታቸው ዳሰሱ። «ጥሩ ነው፣ ይሞቃል» አሉ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ገብረ አምላክ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ ተባለ። በእህል መኪና ላይ ተሳፍሮ ሲሄድ ውዴ ብራናውን ጠቅልላ ሰጠችው፤ ከመኝታው ጨርቅ ውስጥ ደበቀው። ሁለቱ ተማሪዎች ወላጅ ሳያመጡ ክፍል እንዳይገቡ ታዘዙ። መሪጌታ ሄደው ስለ ልጃቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ውዴም ተመለሰች። ስለ ተስፋው ሲለምኑ ግን የራሱ አባት ይምጣ ተባሉ።

ተስፋው አባቱን ሊያመጣ ወደ ፃግብጂ ወጣ። ደጃፋቸው በእሾህ ተዘግቶ አገኘው። ጎረቤታቸው ደብሬ፣ ለመንገድ አቅም አጥተው የቀሩ አሮጊት፣ ከቤታቸው ሳይወጡ ተጣሩ።

«ወደ ኮረም ሄደዋል፣ ልጄ። እዚያ እህል ይሰጣል ተብሎ። እናትህን አባትህ ደግፏት ነበር።»

በመንገዱ ላይ ሰው እንደ ገበያ ቀን ይተማል፤ የሚነዳው ከብት ግን የለም። ተስፋው ያገኘውን ሰው ሁሉ አባቴ ይሆን እያለ ያያል። ኮረም ሲደርስ በየድንኳኑና በየአጥሩ ሥር ሲፈልግ ውሎ በማግስቱ ያወቀችው ትንሿ እህቱ ማሬ ናት። እናቱ እታለም ከጎኗ ተቀምጣለች። ተደግፋ ከቤት የወጣችው እሷ በሕይወት አለች፤ የደገፏት ምንዋጋው የሉም።

«ዳገቱን ከወጣን በኋላ ልረፍ አለ» አለችው። «ተቀመጠ። ዕረፍቱ ያ ሆነ። መንገደኞች ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ከጽዱ ሥር ቀበሩልኝ። እኔ መቆም አቅቶኝ ከሩቅ ነው ያየሁት።»

እናቱ ትንሽ አቅም እስክታገኝ እዚያው ቆዩ። ከዚያ እታለም መቃብሩን ሳላይ እህል አይወርድልኝም አለች፤ ሦስቱም ወደ ዳገቱ ተመለሱ። ጽዱ ሥር ሲደርሱ አዲስ አፈር የለበሱ መቃብሮች ተደርድረው አገኙ። እነሱ ካለፉ ወዲህ ስንት ሰው እንደተጨመረ ማንም አያውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አሥራተ ማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ።

«አባቴ የቱ ነው?» አለ ተስፋው።

«አላወቅሁም፣ ልጄ። ስማቸውን የሚነግረኝ እንኳ የለም። ሁሉንም አንድ ላይ ፈትቻቸዋለሁ።»

እታለም በመቃብሮቹ መሀል ቀስ ብላ አለፈች። አንዱ ጋ ቆመች፣ ተወችው፤ ወደ ሌላው ሄደች። በመጨረሻ ከዳር ካለው አጠገብ ተንበረከከች።

«ይሄ ይሁን» አለች።

እዚያው ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ በአገውኛ ስሙን እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። ማሬ ከእናቷ ጉያ ገባች። ተስፋው ከዳገቱ ሥር ድንጋይ እየተሸከመ መጣ። የቱ የአባቱ እንደሆነ ስላላወቀ በሁሉም ራስጌ ላይ አንድ አንድ እያደረገ ሲያስቀምጥ ቆየ፤ ቄሱም ያግዙት ጀመር።