የርቢ ብልቃጥ

ፈጣኗን ከሐይቁ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳይረሳ ነው፤ ዲግሪ የሌለው ሰው ያገኘው ነገር ቶሎ ባለቤት ይበዛበታል።

ፈጣኗ ዓሣ አይደለችም። በዓይን የማትታይ አረንጓዴ አልጌ ነች። ሁለት ቀጫጭን ጅራቶች አሏት፤ በእነሱ እየቀዘፈች ወደ ብርሃን ትዋኛለች። በዩኒቨርሲቲው የባዮፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ ሐይቁ ዳር ባለችው ባለ ሦስት ክፍል ቤት፣ ሥራችን እሷንና መሰሎቿን መለካት ነበር፤ ብርሃኑን በምን ታውቀዋለች፣ በምን ጉልበትስ ትቀዝፋለች እያልን። ሌሎቹ እንደ ሰርግ ሸኚ ሲንቀረፈፉ አንዷ ቀድማ ስትደርስ አየሁና በቀጭን የመስታወት ቱቦ ለይቼ ለብቻዋ አራባኋት። ዘሯ ሁሉ ፈጣን ሆነ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር እናትነሽ መጀመሪያ አላመኑኝም። ደጋግመው ለክተው ሲያምኑ ግን፣ «ዙለይሃ፣ ጥናቱ ሲታተም ስምሽ ከስሜ ጎን ይገባል» አሉኝ። እሷ ከሌለች ጥናቱም የለም፤ ስሜም የለም።

ከጅዳ የተመለስኩት ለውጡ በመጣ ሰሞን ነው። አገሩ ሁሉ አዲስ ዘመን ሲል እኔ መጥረጊያ ቀየርኩ፤ የተቀጠርኩት የቤተ ሙከራውን ወለል ልወለውል ነበር፤ ወደ ማይክሮስኮፑ የተሻገርኩት እያየሁ ተምሬ ነው። ጅዳ ሳለሁ የአሠሪዎቼን ልጆች የሳይንስ መጻሕፍት ከእነሱ አስበልጬ አንብቤያለሁ። እነሱ ሲወድቁ እኔ አልፌ ነበር፤ ያጣሁት ፈታኝ ነው።

የሌዘሩና የካሜራው ቴክኒሻን ሀሚዱ «ፕሮፌሰር» እያለ ይጠራኛል። ሀሚዱ ከብርሃን ጋር ጠበኛ ነው። የሚለካ ናሙና ሁሉ አስቀድሞ ጨለማ ውስጥ መቆየት ስላለበት፣ እጁ የገባውን ሁሉ በፎይል ይጠቀልላል።

«ምሳህንም ጠቅልለው፣ ብርሃን እንዳይበላው» እለዋለሁ።

«ምላስሽን ነበር የምጠቀልለው፤ ፎይሉ አይበቃኝም እንጂ።»

ጦርነቱ መርሳን አልፎ የውጫሌ ሰው በእግር ወደኛ መጉረፍ ሲጀምር፣ ከዩኒቨርሲቲው ዕቃውን ወደ አዲስ አበባ የሚያሸሽ መኪና ተላከልን። ዶክተር እናትነሽ የውጫሌ ልጅ ናቸው፤ ስልካቸውን ደጋግመው እያዩ ስለ ሌንሶች ብቻ ያወሩ ነበር። መኪናው ጠባብ ነው። ሌዘሩ ገባ፣ ካሜራው ገባ።

«ፈጣኗን አንድ ብልቃጥ ሀሚዱ ይያዝ» አሉ። «የቀረው መደርደሪያው ላይ ይሁን። ቶሎ እንመለሳለን።»

«ዶክተር፣ የቀረውን ሁሉ በአንድ በረት?» አልኳቸው።

በእኛ አገር ከብት ያለው ሰው ሀብቱን ሁሉ አንድ ቦታ አያስርም። ለጎረቤት፣ ለዘመድ ርቢ ይሰጣል። አርቢው ይጠብቃል፣ ያበላል፤ የተወለደውን ይካፈላሉ። እዚህ በሽታ ቢገባ፣ እዚያ ወራሪ ቢመጣ፣ ዘሩ አይጠፋም።

ዶክተር ቀና ብለው አዩኝ። «ለማን ልትሰጫት?»

«ለእትዬ ዑምኩልሱም።»

እትዬ ዑምኩልሱም ከቤተ ሙከራው በታች ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ጎረቤታችን ናቸው። ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ «ሽንኩርቴን ለማን ጥዬ? ሞትም ኸመጣ አድራሻዬን ያውቀዋል» ብለው ቀርተዋል። ብልቃጡን ይዤ ስሄድ አገላብጠው አዩት።

«ይች ደሞ ምንድን ነች?»

«የሐይቁ ልጅ ነች። ርቢ ልሰጥዎት ነው።»

«ምን ትበላለች?»

«ብርሃን። መስኮት ላይ ያኑሯት። ውሃው ሲጠቁር በሌላ ንጹሕ ዕቃ አካፍለው ከዚህ ይጨምሩላት።» ራሴ ያዘጋጀሁትን የማራቢያ ውሃ በጀሪካን ሰጠኋቸው።

«ብርሃን በልታ ትወልዳለች በይኛ» አሉ። «እንዲህ ያለ ከብት ቀድሞ ብታመጪልኝ ኖሮ ሽንኩርት ባልኮተኮትኩ። በይ ሂጂ፣ እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው። አብሽሪ።»

እናቴን ይዤ ወደ ቦረና፣ ወደ ደቡቡ ሳይሆን ወደ እኛው ቦረና፣ ዘመዶቻችን ጋ ሄድኩ። ስለዚያ ጊዜ ሌላው ብዙ ይጽፋል፤ እኔ አልጽፍም።

ስንመለስ መብራት የለም። የቤተ ሙከራው በር ከማጠፊያው ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ማቀዝቀዣው የለም። መደርደሪያው ላይ የተውናቸው ብልቃጦች ወለሉ ላይ ተሰባብረው ደርቀዋል። የተረፈው አንድ አሮጌ የተማሪ ማይክሮስኮፕ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በመስታወት የሚቀበል ስለሆነ ወስዶ የሚጠቀምበት አልተገኘም መሰለኝ። ዶክተር አንድ ስባሪ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። የውጫሌ ቤተሰባቸው ደኅና ነው፤ ይህን ከነገሩኝ በኋላ ነው ድምፃቸው የተመለሰው።

ከዚያ ሀሚዱ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰውን ሳጥን ከፈተ። ያቺን አንድ ብልቃጥ አወጣ።

በፎይል ተጠቅልላለች። ከላይ እስከ ታች፣ አፏ ሳይቀር፣ እንደ ሀሚዱ ምሳ።

ሦስታችንም አየናት። ሀሚዱ ፎይሉን ላጠው። ውስጡ ነጭ ውሃ ነው፤ ከሥሩ ነጭ አተላ ተኝቷል።

«መኪና ውስጥ ስንጣደፍ ጠቀለልኳት» አለ ቀስ ብሎ። «እዚያም ስንደርስ እንደ ናሙና ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባኋት። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮት ላይ ይተዋት ነበር። እጄ ነው የለመደበት።»

አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ብናገር ኖሮ በእርግጥም ፎይል አይበቃም ነበር። ፊቱን አይቼ ዋጥኩት። ወደ እትዬ ዑምኩልሱም ቤት ስወርድ ሁለቱም ተከተሉኝ።

መስኮቱን ከሩቅ አየሁት። የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶበታል፤ በየሃይላንዱ አረንጓዴ ውሃ። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

«ወልዳላችኋለች» አሉ እትዬ ዑምኩልሱም ከነጭቃ እጃቸው ብቅ ብለው። «ያ የሰጠሽኝ ውሃ አለቀ። ጠማትና ኸሐይቁ ቀዳሁላት። እናቷ አይደል?»

ዶክተር ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሐይቅ ውሃ ውስጥ ስንትና ስንት ዓይነት አልጌ አለ፤ አሁን ያ ሁሉ ከእሷ ጋር ተደባልቋል። አረንጓዴ መሆኑ ምንም አይነግረንም። ከዚያ ሁሉ መሐል የእኔዋ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅ የለም።

«አጠፋሁ እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

«አላጠፉም፤ እኛ ነን ያልነገርንዎት» አሉ ዶክተር። ወደ ሀሚዱም ዞሩ። «ፎይል ተርፎሃል?»

እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር፤ ቀደሙኝ እንጂ።

ሀሚዱ ወጥቶ የተረፈውን ማይክሮስኮፕ፣ ከሳጥኑም ረጅም የመስታወት ቱቦና ንጹሕ የማራቢያ ውሃ አመጣ። ቱቦውን በውሃው ሞላነው፤ ድብልቁን በአንደኛው ጫፍ ቀስ አድርጌ አስገባሁ። ከዚያ ሀሚዱ ጠቀለለው፤ በዕድሜው እንደዚያ ተጠንቅቆ የጠቀለለ አይመስለኝም። በሌላኛው ጫፍ ብቻ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ብርሃን ተወለት። ደጅ አውጥተን ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አዞርነው። ካለች ቀድማ ትመጣለች፤ ከሌለች ቀድሞ የሚመጣ የለም።

እትዬ ዑምኩልሱም ገብተው ዙህር ሰግደው ተመለሱ። ያኔ ከብርሃኑ ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀዳሁና ማይክሮስኮፑ ላይ አኖርኩ።

ሁለት ሰነፎች ይዞራሉ። አንድ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ አለ። ከዚያ አንዲቷ ከዳር ገብታ፣ መሐሉን ሰንጥቃ፣ ማንንም ሳታይ በሌላው ዳር ወጣች። ወዲያው ሌላ እንደሷ።

«አለች» አልኩ።

ዶክተር ረጅም ጊዜ አዩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ቦታውን ለሀሚዱ ለቀቁ። እሱም አየና፣ «ፕሮፌሰር፣ ይሄ አካሄድ ያንቺ ነው። ሰላምታ እንኳ አትሰጥም» አለኝ።

«እንግዲያው እንካፈል» አሉ እትዬ ዑምኩልሱም።

«እትዬ፣ ገና ከሌሎቹ ማጽዳት አለብን» አሉ ዶክተር።

«ስታጸዷት እጠብቃለሁ። ርቢ ርቢ ነው።»

ሀሚዱ ሊስቅ ሲል በክርኔ ወጋሁት። በዚያ መስኮት ላይ ስለኖረች ነው ዛሬ ያለችው።

«ግማሹ የእርስዎ ነው» አሉ ዶክተር። «ግን ከእንግዲህ የሐይቅ ውሃ የለም።»

«ጥጃ እናቷን አትጥባ ካላችሁ፣ እሺ።» ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በማይክሮስኮፑ አዩ። «ሱብሃነላህ። ወዴት ነው እንዲህ የምትሮጠው?»

«ወደ ብርሃኑ።»

«ስትደርስስ?»

«ትበላለች» አልኳቸው።

«ይሁና፣ ትብላ።» ቀና አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ሄዱ። እኔ የመስታወት ቱቦዬን በእሳት አቅጥኜ፣ አንዷን ለመለየት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ።