የእትዬ ፎቶ ዋጋ

የጥርስ ሠሪው ስልክ የጮኸው እጁ በጄሶ ተለውሶ ሳለ ነበር። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ከሐኪሞች የሚላክለትን የድድ ቅርጽ በጄሶ ይቀዳል፣ በሰም ይቀርጻል፣ ዋጋ ሲጠየቅም ዓይኑን ሳያሽ ይናገራል። ፎቶ ማንሳት ግን የእሑድ ፍቅሩ ነው። ካሜራውን አንግቶ መንገድ ለመንገድ ሲዞር ይውላል እንጂ እስከዚያ ቀን ድረስ ከፎቶ ሳንቲም አግኝቶ አያውቅም።

የደወለችው የአንድ መነጽር ቤት የማስታወቂያ ኃላፊ ናት። በከተማው ቤተ መጻሕፍት ኮሪደር ላይ አማተሮች ሥራቸውን ሲያሳዩ የእሱን አይታ ኖሯል። አንዲት አሮጊት መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ክር ወደ መርፌ ሲያስገቡ የሚያሳይ ፎቶ ነው።

"ለአራቱ ሱቆቻችን መስኮት እንፈልገዋለን። ዋጋው ስንት ነው?" አለችው።

"ኧረ የፈለጋችሁትን ስጡኝ። ስሜን ከሥር ብትጽፉልኝ ይበቃኛል" ብሎ አረፈው።

ውሉ በማግስቱ በኢሜይል መጣ። ገንዘቡ ቢበዛ ለካሜራው አንድ ሜሞሪ ካርድ ቢገዛለት ነው። ከገንዘቡ በላይ ባለው መስመር ደግሞ "በማንኛውም ቦታ፣ በማንኛውም መልክ፣ ለዘለዓለም" ይላል። ጥርስ ሠሪው ያንን ልብ አላለም፤ ዓይኑ ስሙ ላይ ቀርቶ ነበር። አተመው፣ ፈረመበት፣ ጠዋት ሊያደርሰው አስቦ እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ለድግስ ወንበርና ድንኳን አከራይ ናት። ወረቀቱን አንዴ አነበበች፤ ደግማ አነበበችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሸጥከው እንዴ?"

"ፎቶው እኮ እኔው ጋ ነው። እነሱ የሚወስዱት ኮፒውን ነው።"

"እኔ ወንበር ሳከራይ መጀመሪያ የምጠይቀው ምንድን ነው? ስንት ወንበር፣ ለስንት ቀን፣ ወዴት ነው የሚሄደው እላለሁ። 'ለዘለዓለም' የሚል ደንበኛ ቢመጣብኝ በሩን ነው የማሳየው!" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለመሆኑ እትዬን ጠይቀሃቸዋል?"

አልጠየቃቸውም። ፎቶው ላይ ያሉት አሮጊት አክስቱ ናቸው፤ እናቱ ከሞቱ ጀምሮ ልብስ ሰፍተው ያሳደጉት፣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ሲሰቅለውም "ኋላ እነግራቸዋለሁ" እያለ ነበር። እትዬ ደግሞ ሲቆጡ አይጮሁም፤ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ሳምንት ይፈጃል። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ።

ጠዋት ከአለቃው ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀና ለእትዬ የሚያሳያቸውን ፎቶ በትልቁ ሊያሳትም ወደ ሰፈሩ ፎቶ ቤት ጎራ አለ። ባለፎቶ ቤቱ ከሠርግ ሠርግ እየተሯሯጠ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ጉዳዩን ሲሰማ መቀሱን አስቀመጠ።

"አምና ያንን ሥራ የሚያሠሩት እኔን ነበር" አለ። "አንተ ጥርስህን ሠርተህ ትበላለህ። ፎቶ በነፃ ስትበትን የማንን ጉሮሮ እንደምትዘጋ አስበኸዋል?"

ጥርስ ሠሪው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። "እውነትህን ነው፣ አላሰብኩም። ይቅርታ አድርግልኝ። እስቲ አንተ ብትሆን ስንት ትላለህ?"

ሰውየው ገላመጠው፤ ገላመጠውና ወንበር ሳበለት። ስንት ሱቅ ነው፣ ስፋቱ ምን ያህል ነው፣ ለስንት ጊዜ ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ይፈልጋሉ ወይ እያለ በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ሒሳቡን አወጣለት። የመጨረሻው ቁጥር የጥርስ ሠሪውን የወር ደመወዝ ግማሽ ያህል ነበር።

"ይኼንንማ አፌ አይለውም!"

"ይለዋል። ለአንድ ሙሉ ጥርስ ዋጋ ስትናገር ትንተባተባለህ? እንደዚያው በለው።"

እትዬ ቤት ሲደርስ ፎቶውን ጭናቸው ላይ አኖረላቸውና ኮሪደሩንም፣ መነጽር ቤቱንም፣ የፈረመውን ወረቀትም ሳይደብቅ ተናዘዘ። እትዬ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት። አንድ ቃል አልወጣቸውም። ጥርስ ሠሪው ሳምንቱን መቁጠር ጀመረ።

"ፀጉሬን እንኳ ሳላበጥር" አሉ በመጨረሻ።

"ያምራል እኮ፣ እትዬ።"

"አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ! ይልቅ ይኼ 'ለዘለዓለም' የሚሉት ምንድን ነው? ሞቼም ሰው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ክር ሳስገባ ልኖር ነው? አይሆንም! አንድ ዓመት ይበቃቸዋል። ከዚያ ያውርዱኝና ልረፍ።" ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጎንብሶ ሲያያቸው እየሳቁ ነው። "በል ወረቀት አምጣ፤ መፍቀዴን በገዛ እጄ ልጻፍልህ። አንተማ ደግሞ ምኑን ትፈርም ይሆናል።"

መነጽር ቤቱ ቢሮ፣ ከኃላፊዋ ፊት ለፊት ተቀምጦ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ።

"የፈረምኩት ውል እዚህ አለ፤ ግን አልሰጥዎትም" አላት። "ለአራት ሱቅ፣ ለመስኮት ብቻ፣ ለአንድ ዓመት ከሆነ ዋጋው ይኼ ነው።" ቁጥሩን ተናገረ። ወዲያው "ግን ከበዛ..." ሊል ሲል ምላሱን ነከሰ።

ኃላፊዋ ወንበሯን ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች።

"እፎይ! ትናንት ውሉን ከላክሁልዎ ወዲህ ከጠበቃችን ጋር እየተሟገትኩ ነው። 'በገዛ ሥራው የፈለጋችሁትን ስጡኝ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም፤ ከሆነ ቦታ ያገኘው ፎቶ ነው፣ ነገ ባለቤቱ ይከሰናል' ብሎ አላጸድቅም አለኝ። ሴትዮዋስ ፈቅደዋል?"

የእትዬን ወረቀት ዘረጋላት። ከፊርማቸው በላይ፣ በተጠነቀቀ ፊደል፣ "ለአንድ ዓመት ፈቅጃለሁ። ክሩ ያን ቀን በመጀመሪያው ሙከራ ገብቷል" ይላል። ኃላፊዋ እስክታነባ ሳቀች።

"ዋጋውስ?" ሲል ጠየቃት።

"ከያዝነው በጀት ያንሳል እንጂ አይበልጥም። አሁኑኑ አዲስ ውል አስጽፋለሁ።"

አዲሱን ፈርሞ አሮጌውን ቀዶ ሲወጣ ደረጃውን እንዴት እንደወረደው አያውቅም። ለሚስቱ ደወለ።

"ለስንት ጊዜ?" አለችው ከሰላምታም በፊት።

"ለዓመት።"

"ጎሽ፣ የኔ ጌታ!"

ወደ ሥራው የሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ ተቀመጠ። ሞቅ ያለ ፀሐይ ፊቱ ላይ አረፈ፤ የሌሊቱ እንቅልፍም መጥቶ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው። ሲነቃ መውረጃውን ሦስት ፌርማታ አልፏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሹፌሩንም ራሱንም ሲራገም ይውል ነበር። አሁን ግን ወረደ፣ እጆቹን ኪሱ ከተተ፣ ሳይቸኩል በእግሩ ተመለሰ።