በማዕዘን ላይ የተሳለ ፊት

ከፍጥረተ ሰብእ ድካም ሁሉ የሚያስደንቀው አለማወቁ አይደለም፤ አለማወቅስ ለአዳም ልጅ እንደ ገዛ ቆዳው አብሮት የተወለደ ነው፤ የሚያስደንቀው ያየውን ሁሉ እንዳወቀ፣ ያወቀውንም ሁሉ እንደ ጨረሰ መቍጠሩ ነው። ዓይን ለነፍስ የተከፈተች መስኮት ብትሆን፣ መስኮት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት፣ በእርሱም በኩል የሚታየው ጓሮ እንጂ አገር እንዳልሆነ፣ ስንቱ አስተዋይ ነኝ ባይ፣ ስንቱ መምህር ተብዬ ይዘነጋዋል። ሰው ክርክር ሲጠነክርበት፣ ማስረጃም ሲያጥረው፣ «በዓይኔ አይቻለሁ» ይልና በነገሩ ላይ እንደ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው ቢመጣ ጠላቱ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ያች ማኅተም የአንድ ሰው አንገት ልታስቈርጥ ጥቂት የቀራትን ዘመን እነግርሃለሁና ልብህን ሰብስብ።

ኃይል ከሕግ ቀድሞ በሚሄድበት በዘመነ መሳፍንት፣ ከዐባይ ወዲህ፣ ደብረ ሰዊት በምትባል አገር፣ በትውልዷ የከበረች፣ በአንደበቷም የተፈራች ወይዘሮ ምንታምር የምትባል እመቤት ነበረች። ባሏ ደጃዝማች ውብነህ ጎሽ ሊያድን ወደ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ፣ በቄጠማው መካከል በጦር ተወግቶ ወደቀ። ጦሩን የወረወረው የገዛ ባልደረባው ባላምባራስ ጓንጉል ነበረ፤ ይህንንም ጓንጉል ራሱ አልካደም። ክርክሩ ጦሩ ከማን እጅ ወጣ ሳይሆን ወደ ማን ተላከ የሚል ነበረ። ጓንጉል፣ «ጎሽ ከጌታዬ ኋላ ከቄጠማው ወጥቶ ሊወጋው ሲል ወረወርሁ፤ ጌታዬ ዞር ሲል በጦሬ መንገድ ገባ» አለ። ምንታምር ግን በማዶው ኮረብታ ላይ ተቀምጣ አደኑን ስትመለከት ነበረችና፣ «ጓንጉልን አየሁ፣ ጦሩን አየሁ፣ ባሌን አየሁ፤ ጎሽ የሚባል ነገር አላየሁም» አለች። በዚያው ቀን ጠዋት ደግሞ ደጃዝማቹ በማዕድ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጓንጉልን «ፈሪ» ብሎት ነበረ፤ ይህንን ያልሰማ የአገር ሰው አልነበረም፤ የሰማውም ሁሉ ምክንያቱን ካገኘ ዘንድ ድርጊቱን ለመመርመር ሰነፈ። የወንዙ ዳር ዱካ ቢመረመር ነገሩ ይለይ ነበረ፤ ነገር ግን ማንም ያልጠበቀው ዶፍ ዘነበና የሰውንም የአውሬንም ዱካ አንድ አድርጎ አጠበው።

ጓንጉል ጌታው እንደ ሞተ ባየ ጊዜ ወደ ደብሩ ሮጦ ደወል ደወለ። ደወል ደውሎ የተማጠነን ሰው ከቅጽር ውስጥ በግድ ማውጣት በዚያ ዘመን የሚያስወግዝ ነበረና፣ የምንታምር ወንድም ፊታውራሪ አድጎ ጦረኞቹን ይዞ ከቅጽሩ በር ላይ ሰፈረ፤ ውስጡ ማርያም፣ ደጁ ጦር ሆነ። የደብሩ አለቃ መልአከ ገነት ኪሮስ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ ድፍረቱ ግን ከጉሮሮው ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ተማጣኙን ቢያስጠጋ እመቤቲቱን፣ ቢያወጣም ውግዘቱን ፈራ። ስለዚህ ብልኀት ፈጠረ። መሪጌታ ዐምደ ሥሉስ የሚባል ሠዓሊ የመቅደሱን አራት ግድግዳዎች በዚያው ሰሞን በሥዕል ያለብስ ነበረ፤ አንተም እንደምታውቀው፣ ከአባቶች በወረደው የሠዓልያን ሥርዓት ጻድቅ ፊቱን ሞልቶ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ኃጥእ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሳላል። ኪሮስም፣ «ጓንጉል ከግድግዳው ላይ ይሳል፤ ሁለት ዓይን ይዞ ከወጣ ማርያም ተቀብላዋለች፤ በአንድ ዓይን ከወጣ ግን የይሁዳ ወገን ነውና ደብሩ አያስጠጋውም፤ በኅዳር ጽዮን ሥዕሉ የተከለለበት መጋረጃ ሲገለጥ ይታወቃል» ብሎ በየነ። የደብሩ ጉባኤም አመሰገነው። ፍርድን ከገዛ ትከሻው አውርዶ በግድግዳ ላይ መስቀል ምን ይከፋል? ግድግዳ አይከሰስ፣ አይገሠጽ፣ ሌሊትም እንቅልፍ አያጣ።

ወይዘሮ ምንታምር ነገሩን ለአጋጣሚ የምትተው ሴት አልነበረችምና ጥቍር ለብሳ ሠዓሊው ወዳለበት መጣች።

«መሪጌታ፣ መቼም ነገሩ ገብቶሃል» አለችው። «ያን ሰው በጎን ትስለዋለህ።»

«እመቤቴ፣ እንዳልሳሳት አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ቀን ምን አዩ?»

«ሲገድለው አየሁ።»

«ሲወረውር አዩ፤ ጌታዬም ሲወድቁ አዩ። መግደሉን በየትኛው ዓይንዎ አዩት?»

«የቅኔ ቤት ጥያቄህን ለተማሪዎችህ አቆይላቸው። አንዱ ወርውሮ አንዱ ከወደቀ ነገሩ ግድያ ይባላል፤ ይህን የእኔ እንጀራ ጋጋሪ እንኳ ሳትማር ታውቀዋለች።»

«ውርወራውንና ውድቀቱን አንድ ላይ የሰፋው ልብ ነው እንጂ ዓይን አይደለም፤ ልብዎ ደግሞ ኀዘን ላይ ነው፣ እመቤቴ።»

በቀስታ መናገር ጀመረች፤ የሚያውቋት ሁሉ ከጩኸቷ ይልቅ ቀስታዋን ይፈሩ ነበረ። «ስማኝ። በእኔ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ገዳም ገብቼ አልቅሼ እሞት ነበር። ደም ግን ፈቃድ አይጠይቅም። የውብነህ ደም በእኔ ላይ ወድቋል፤ እኔ የምመርጠው የለኝም፤ አንተም የምትመርጠው የለህም። ያልታዘዘ እጅ ምን እንደሚሆን ከፈለግህ ወንድሜ በር ላይ ነው፤ ወጣ በልና ጠይቀው።»

ጓንጉል በቅጽሩ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ከመዋል ብሎ ለሠዓሊው ቀለም ይፈጭለት ነበረ፤ የራሱ ፊት የሚሳልበትን ጥቍርና ቀይ በገዛ እጁ ያደቅቅ ነበረ። እመቤቲቱ ከሄደች በኋላ ዐምደ ሥሉስ ከአጠገቡ ተቀመጠና፣ «ባላምባራስ፣ የሚሰማን የለም። ያለሙት ጎሹን ነው ወይስ ጌታዎን?» አለው።

ጓንጉል የሚፈጭበትን ድንጋይ አቆመ። «ጎሹን አይቻለሁ። ይህን አንገቴ ላይ ሰይፍ ሆኖም አልለውጥ። ጌታዬም ከፊቱ ነበረ፤ ጠዋት ያለኝም ቃል ገና በጆሮዬ ውስጥ ነበረ። እጄ ጦሩን ስትለቅ የገፋት የትኛው እንደሆነ... በየማለዳው እጠይቃታለሁ፤ አትመልስልኝም።»

«ይህን ለጉባኤው ዳኞች ነገሯቸው?»

«ለዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ፣ መሪጌታ? ወይ አዎን በል፣ ወይ አይደለም በል ነው የሚሉት። እርስዎስ ቢሆኑ» አለና ፈገግ አለ፣ «ወይ አንድ ዓይን፣ ወይ ሁለት ዓይን።»

ከዚያች ሰዓት ወዲህ ሠዓሊው እህል አልበላ አለው። ሁለት ዓይን ቢስልለት ያላወቀውን ንጽሕና ይመሰክራል፤ አንድ ዓይን ቢስልለት ያላወቀውን በደል ይመሰክራል፤ በዚህ በኩል ውሸት፣ በዚያ በኩል ደም። ይባስ ብሎ፣ ነገሩን በሕሊናው ሲያመላልሰው፣ በዚያ ደብር ፈቃድ ያለው ሰው አጣ፤ እመቤቲቱ ደም አስገደደኝ ትላለች፤ አለቃው ፍርሃት አስገድዶታል፤ ጓንጉል እጄ ናት እንጂ እኔ እንጃ ይላል፤ እርሱን ራሱን ደግሞ የፊታውራሪ ጎራዴ ይጠብቀዋል፤ ሁሉም ተገፍተው፣ ገፊው ግን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ አንድ ነፍስ ወደ ሞት ትነዳለች። አንድ ማለዳ ግን በቅጽሩ ውስጥ ሲመላለስ፣ ጓንጉል ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከዚያም ወደ ጎን ዞሮ ሲፈጭ አየው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ታየው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቢራመድ ሁለተኛይቱ ታየችው። ይህን ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር፣ ዕድሜውን ሙሉ ኃጥኣንን በጎን ሲስል የኖረው ሊቅ ያን ጊዜ እንዳዲስ ተመለከተው፤ ቆሞም ቀረ። ከዚያ በኋላ ሥዕል የሚሳልበት አዲስ ሸማ አስመጥቶ ከመጋረጃው ውስጥ ገባ፤ ሥራው እስኪፈጸምም ማንም ወደ እርሱ እንዳይገባ ከለከለ።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ደብሩ ሞላ። ካህናቱና ደባትሩ በምዕራብ በቅኔ ማኅሌቱ፣ ሴቶቹ በደቡብ፣ ወንዶቹ በሰሜን ቆሙ፤ ወይዘሮ ምንታምር ከሴቶቹ ፊት፣ ስጋጃ ተነጥፎላት ቆመች፤ ጓንጉል ከምዕራቡ በር አጠገብ ዐምድ ተደግፎ ቆመ፤ ከቅጽሩ ውጭ የፊታውራሪ አድጎ ፈረሶች መሬት ሲቈፍሩ ይሰማ ነበረ። መጋረጃው ተገለጠ። ጌታን ሊይዙ ጎመድና ሰይፍ ይዘው ከመጡት ጭፍሮች መጨረሻ፣ ከግድግዳው ጠርዝ ላይ፣ የጓንጉል ፊት ነበረ፤ ያ አፍንጫ፣ ያ ጠባሳ የገባበት ጉንጭ፣ ማንም ሊስተው አይችልም። ዓይኑም አንዲት ነበረች። በምዕራብ የቆሙት አንዲት አዩ፤ በደቡብ የቆሙትም አንዲት አዩ፤ ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። መልአከ ገነት ኪሮስ ሸክሙ እንደ ወረደለት ሰው ትከሻውን ዘርግቶ፣ «እንግዲህ ግድግዳው ፈርዷል» አለ። ጓንጉል ነጠላውን በወገቡ ዙሪያ አጠበቀ፤ ለሠዓሊው እጅ ነሣ፤ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ዐምደ ሥሉስ ቀለም የነካካ እጁን በኩታው ውስጥ ደብቆ እመቤቲቱን ብቻ ይመለከት ነበረ።

እርሷም ደስታዋን ጠበቀች፤ ደስታዋ አልመጣም። ከኋላዋ የቆመች አንዲት ባልቴት፣ «የጨከነ እጅ፤ ጦሩን እንዴት እንደ ጨበጠው እዩት» ስትል፣ ከቅኔ ማኅሌቱ በኩል አንድ ደብተራ፣ «ጦር አይደለም፣ እናቴ፤ ችቦ ነው የያዘው» አላት። «ዓይንህን ታመሃል እንዴ?» አለች ባልቴቲቱ። «እንዴ፣ ወገግ ብሎ ሲበራ እያየሁት?» አለ እርሱ። ምንታምር ይህን ሰምታ ሥዕሉን እንደ ገና መረመረችው፤ እነሆ ከእርሷ በኩል የተሳለው ፊት በአፍንጫው ላይ፣ ልክ ግድግዳው በሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ ያበቃል፤ ዓይኑም ወደ እርሷ ሳይሆን ወደ ማዕዘኑ ትመለከታለች። ያ ማዕዘን በካህናቱና በሴቶቹ መካከል ያለ፣ የእነዚያም የእነዚህም ስላልሆነ ማንም የማይቆምበት ስፍራ ነበረ። እመቤቲቱ ከስጋጃዋ ወረደች፤ ሴቶቹ ገለል አሉላት፤ በባዶውም ስፍራ ላይ ቆመች። ሠዓሊው ሸማውን በግድግዳው መታጠፊያ ላይ አዙሮ ለጥፎ፣ ግማሹን ፊት በምዕራብ፣ ግማሹን በደቡብ ስሎት ነበረ፤ አንዱ እጅ ችቦ፣ አንዱ እጅ ጦር ይዟል፤ ከዚያች ማዕዘን ለሚያየው ግን ሁለት ዓይኖች በቀጥታ ይመለከቱታል። የጻድቅ ዓይኖች አልነበሩም፤ የኃጥእም አልነበሩም፤ መልስ ያጣ ሰው ዓይኖች ነበሩ። ያን ጊዜም በአእምሮዋ የማዶው ኮረብታ መጣባት፤ ያን ምሽት የባሏን ፊት እንጂ ከባሏ ጀርባ ያለውን ቄጠማ ከዚያ ኮረብታ ማየት እንደማይቻል፣ ይህንንም እስከዚያች ቀን ማንም እንዳልጠየቃት፣ እርሷም ራሷን እንዳልጠየቀች አሰበች።

«ጓንጉል፣ ቁም» አለች። አንድ እግሩ ከመድረኩ ወጥቶ ነበረ።

«እመቤቴ፣ ነገሩ አልቋል፤ ግድግዳው...» አለ ኪሮስ።

«መልአከ ገነት፣ እዚህ ይምጡና ይቁሙ እስቲ፤ ከዚያ በኋላ ይፈርዱልኛል።» ኪሮስ ከቦታው አልተነቃነቀም። እርሷም ወደ ጓንጉል ተመለሰች። «ጎሽ ነበረ?»

«ነበረ፣ እመቤቴ።»

«ልብህስ?»

አንዲት የሐሰት ቃል ታድነው ነበረ፤ ያችን ቃል ከእርሷ ጋር ሕዝቡ ሁሉ ይጠብቅ ነበረ። «ልቤን አላውቅም» አለ ጓንጉል። «ባውቅ ኖሮ ያን ዕለት ወደ ማርያም ሳይሆን ወደ እርስዎ እሮጥ ነበር።»

ፊቷ ጠቈረ፤ እጇም የአንገቷን ማተብ ጨበጠች፤ ፊታውራሪ አድጎም ጫጫታው ስለ ጠፋ ተጠራጥሮ በበሩ ብቅ አለ። «እኅቴ፣ ምን ይጠበቃል?» አላት። «አሳልፋችሁ ስጡን እንጂ፤ የውብነህ ደም ይጮኻል።»

«ደሙ የእኔ ነው፣ ወንድምዬ፤ መምረጡም የእኔ ነው። ፈረሶችህን ወደ ቤት መልስ» አለችው፤ በቀስታ ስለ ተናገረችም ደግሞ አልጠየቃት። ከዚያም ጓንጉልን፣ «አልማርሁህም» አለችው። «አላውቅም እላለሁ እንጂ ንጹሕ ነህ አልልም። በማርያም ቅጽር ኑር፤ እኔም በየዓመቱ መጥቼ ከዚህች ማዕዘን ላይ አይሃለሁ።» እንዳለችውም አደረገች፤ በየኅዳር ጽዮኑ ስጋጃዋን ትታ በባዶው ስፍራ ላይ ትቆም ነበረ፤ ከዓመታትም በኋላ ሌሎች ሰዎች፣ በመጀመሪያ አንድ ሁለቱ፣ ኋላም ብዙዎች፣ ከካህናቱም ከሴቶቹም ወገን እየወጡ በዚያ መቆም ጀመሩ፤ ጓንጉል የፈጨው ቀለም ግን እርሱ ራሱ ካረጀ በኋላም አልደበዘዘም። ዓይን ከቆመችበት የሚታየውን ከማየት በቀር ምርጫ የላትም፤ የአዳም ልጅ ነጻ ፈቃድ ያለችው፣ ከለመደው ስፍራ ተነሥቶ የማንም ወዳልሆነ ስፍራ በሚራመድባት እግሩ ላይ ነው።