ፍሬን ሰፈር

ቤት የመምረጡን ነገር ሚስቴ ለኔ የተወችው የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆንኩ ነው። ቢያንስ በአፏ ያለችው እንደዚያ ነው። «አንተ በቀን ስንት ሰፈር ታቋርጣለህ፤ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?» አለችኝ በስልክ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ለኔ ተይው» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ የቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

በፊት የምንኖርበት ትንሽ ከተማ የአውቶቡስ ጣቢያው ሲዘጋ እኔን ወደዚህ ትልቅ ከተማ አዛወሩኝ። ሚስቴና ሁለቱ ልጆች ቤት እስካገኝ እዚያው ቆዩ። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ስለምትቆጥርና በሁሉም ላይ ስለምትፈርድ ዳኛዋ እንላታለን። ትንሹ አራት ዓመቱ ነው። እሱን ደግሞ ጥይት ነው የምንለው፤ በር ከተከፈተለት ይተኮሳል። ወዴት እንደሚሄድ እሱ ራሱም አያውቀውም።

ልዛወር አንድ ወር ሲቀረኝ ዳቦ ቤት በር ላይ የጥይትን እጅ ይዤ ቆሜ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ከኪሴ ለማውጣት ለአፍታ ያህል እጄን አላላሁ። ዞር ስል ጥይት መንገዱ መሃል ነው። አንድ ሞተር ሳይክል ተንሸራቶ አጠገቡ ቆሟል፤ መስታወቱ የልጁን ጆሮ ጫር አድርጎታል። ሚስቴ ከማዶ ሆና ሁሉንም አየች። ልጁን አቅፋ ቤት ገባች። አልጮኸችብኝም፣ አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መንገድ ስንወጣ እጄን ከዘረጋሁ ልጁን ቀስ ብላ ወደ ሌላኛው ጎኗ ታዞረዋለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት «ቤቱን አንተ ምረጥ» ያለችኝ። የታረቀችኝ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ይሄንንም ከተሳሳትኩ የልጄን እጅ ሁለተኛ አታስጨብጠኝም።

ሦስት ወር ሙሉ ሰፈሮቹን ከመሪው ጀርባ ሆኜ አጠናኋቸው። አንዱን በጭሱ፣ አንዱን በጎርፉ፣ አንዱን አምፖል በሌለው የመንገድ መብራቱ ሰረዝኩት። ሁለት ቀሩ። ደላላው በሁለቱም ሰፈር አቅማችንን የሚመጥን ቤት አግኝቶልኛል።

የመጀመሪያው በአሥራ አራት ቁጥር መስመር ላይ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራው አዲስ ሰፈር ነው። እዚያ መንገድ ላይ ስገባ ትከሻዬ ይላላል። አስፋልቱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ፌርማታ ላይ ካልሆነ ፍሬን የሚባል ነገር አትነካም። ከቀኝ የሚገባ የለ፣ ከግራ የሚወጣ የለ። ከመጨረሻው ፌርማታ ስመለስ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ፊት ለፊት ካለችው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ ነዳጅ ረግጬ ፍጥነት እጨምራለሁ። ቀኑን ሙሉ የምታሳርፈኝ እሷ ቦታ ናት። ለልጅ ማሳደጊያ ከዚህ የተሻለ ሰላም ከየት ይመጣል አልኩ።

ሁለተኛው በዘጠኝ ቁጥር መስመር ላይ ነው። ሹፌሮች ሁሉ ፍሬን ሰፈር ነው የምንለው። ያ መስመር የደረሰው ሰው ጠዋት ጣቢያ ሲገባ ከፊቱ ያስታውቃል። መንገዱ ጠባብ፣ ሰዉ ደግሞ ለእግረኛ ተብሎ የተሠራ ነገር መኖሩን የማያውቅ። ሁለት ሴቶች መሃል አስፋልት ላይ ወሬ ይዘው ይቆማሉ፤ ክላክስ ብታደርግ ዞር ብለው ያዩህና የጀመሩትን ወሬ ይጨርሳሉ። ኳስ ይመጣል፤ ከኳሱ ኋላ ልጅ ይመጣል። ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይላተማል፣ እርግማኑ ለኔ ነው። ደሜ ይፈላና መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «የማን ልጅ ነው ይሄ? ባለቤት የለውም?» እላለሁ። ያኔ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እጅ ልጁን በአንገትጌው ይዞ ይጎትተዋል። አንድ ቀን ጫማ ጠጋኙ ነው፣ አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ። አንድም ቀን ግን እናት ወይ አባት ሆኖ አያውቅም። የዚህ ሰፈር ወላጆች ልጅ ወልደው ለመንገድ የሰጡ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

ለሚስቴም በስልክ እየሳቅኩ እንደዚያው ነገርኳት። ለደላላው አዲሱን ሰፈር እንደምወስድ ቃሌን ሰጠሁት። «ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ትረከባለህ፤ ከቀረህ ግን ወንድሜ፣ ሰው ተሰልፏል» አለኝ። ደላላ ሁልጊዜ ሰው ተሰልፏል ነው የሚለው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እደነግጣለሁ።

ሚስቴና ልጆቹ አርብ ገቡ። ያረፍንባት ክፍል እስከ ሰኞ ብቻ ነው የኛ። ቅዳሜ ረፍቴ ስለነበር አራታችንም በአሥራ አራት ቁጥር ተሳፍረን ሄድን። የሚነዳው የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ ሰላምታውን ሁሉ በክላክስ ስለሚሰጥ ስሙንም ክላክስ ብለነዋል። መንገዱን ለሚስቴ እንደራሴ ግቢ በጣቴ እያሳየሁ ወሰድኳት። «ያምራል» አለች። እጇ ግን የጥይት አንጓ ላይ ነበር።

ወርደን አውቶቡሱ ሲሄድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ሰፈር በእግሬ ቆሜ አላውቅም።

ቤቱ በወዲህ በኩል፣ መዋዕለ ሕፃናቱና ሱቁ በማዶ ናቸው። ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት ትምህርት ቤቱን እንይ ብለን ዜብራው ላይ ቆምን። አንዱ መኪና ያልፋል፣ ሌላውም ያልፋል። አንድ እግር ወደፊት ብል የመኪኖቹ ነፋስ መለሰኝ። ሚስቴ ጥይትን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ዳኛዋ ትቆጥራለች።

«አርባ አንድ» አለች። «አባዬ፣ አርባ አንድ መኪና፤ አንድም አልቆመልንም።»

«አሁን ይቆማል።»

«ልጅ ደግሞ ዜሮ ነው ያየሁት። ልጆቹ የት ናቸው?»

«ቤት ውስጥ ናቸዋ።»

«ለምን?»

ይህን ጊዜ ክላክስ ከመጨረሻው ፌርማታ ተመልሶ ቁልቁለቱን ተያያዘው። አይቶኛል፤ እጁን አነሳ፣ ክላክሱን አስጮኸው፣ ነዳጅ ጨመረ። ልክ እኔ የምጨምርባት ቦታ ላይ። ጥይት «የአባዬ አውቶቡስ!» ብሎ ተተኮሰ። ሚስቴ በጉልበቷ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ወደቀች፤ ልጁን ግን አልለቀቀችም። አውቶቡሱ የፊታችንን አየር ጠራርጎ አለፈ።

ለሦስት ወር፣ ይሄ መስመር በደረሰኝ ቀን ሁሉ፣ ስድስት ስድስት ጊዜ በዚህች ዜብራ ላይ እንዲህ አድርጌ አልፌያለሁ፤ እዚህ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ኖሮ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ሰፈሩን የመረጥኩት ለአውቶቡሴ ነው እንጂ ለልጄ አይደለም። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ሚስቴ ተነሳች። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ተቀዷል፣ ደምም አለው። «ቤቱን እንየው?» አለች፣ በዚያ በማትወቅስበት ድምፅዋ።

«አናየውም» አልኩ። ለደላላው ደወልኩና ተውኩት አልኩት። የተሰለፈውን ሰው እንዲያስገባው ነገርኩት።

«ሰኞ የት ልንገባ ነው ታዲያ?»

«አንድ ሌላ ቤት አለ፤ ደላላው አልተያዘም ብሎኛል። ግን ትስቂብኛለሽ።»

«የቱ ነው?»

«ፍሬን ሰፈር ያለው።»

አልሳቀችም። «ያ ሁልጊዜ የምትሳደብበት?» አለች። አዎ አልኳት።

ፍሬን ሰፈር ስንደርስ እንደ ወትሮው ሁለት ሴቶች መሃል መንገድ ላይ ወሬ ይዘዋል። የኔ መዳፍ በላብ ርሷል። ይሄም ካልሆነ ሌላ ቤት የለኝም፣ ሌላ ቀንም የለኝም። ጫማ ጠጋኙ ደጅ ስንደርስ ከሚስቴ ጉልበት ደም እየወረደ ስላስቸገራት ልትጠርገው ቆመች። ግራ ቀኟን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ የጥይትን እጅ ሰጠችኝ። ከአራት ወር በኋላ። አጥብቄ ያዝኩት።

ከወዲያ በኩል ኳስ እየተንከባለለ መጣ። ጥይት ተጠማዘዘ፣ ላብ የነካው እጁ ከእጄ ሾለከ፤ የሹራቡን እጅጌ ያዝኩ፣ እሱም ተለጥጦ አመለጠኝ። መንገዱ መሃል ነው። ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ከመታጠፊያው ብቅ አለ።

ቀኝ እግሬ መሬቱን በኃይል ረገጠ፤ ፍሬን እየፈለገ ነበር።

አውቶቡሱ ግን ቀድሞውንም እየተንፏቀቀ ነበር የሚመጣው፤ እዚህ ማን ሮጦ ያውቃል? ከጥይት ብዙ እርምጃ ርቆ ቆመ። እኔ ከመድረሴ በፊት ማስቲሽ የነካው የጫማ ጠጋኙ እጅ ልጁን በአንገትጌው አንስቶታል። ሁለቱ ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው በሁለት በኩል ቆመዋል፣ አንደኛዋ ኳሱን በእግሯ ይዛዋለች። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«የማን ልጅ ነው ይሄ?» አለ። «ባለቤት የለውም?»

ልጄን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ጫማ ጠጋኝ ቀና እንኳ ሳይል መለሰለት፤ «የኛ ነው። ቀስ ብለህ እለፍ።»

«የኔ ነው» አልኩ እኔም። ሹፌሩ ዞር ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ፤ አንድ ጣቢያ ነው የምንውለው። ማርሽ አስገብቶ አለፈ።

ሚስቴ ከኋላዬ መጣች። ጥይትን ከጠጋኙ እጅ ተቀብዬ አንድ እጁን ይዣለሁ፤ አሁን ትወስደውና ወደ ሌላኛው ጎኗ ታዞረዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ብታደርገውም አልፈርድባትም፤ ሁለተኛዬ ነው። የልጁን ሌላኛውን እጅ ያዘች። የኔን እንዳለ ተወችው።

«እኔ ሳላስበው ነው የለቀቅኩት» አልኳት። «በደንብ ይዤው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም ቅድም ሊያመልጠኝ ነበር።»

ዳኛዋ መንገዱን ከላይ እስከ ታች አይታ ጨርሳ «አሥራ ዘጠኝ ልጅ» አለች። ቆም ብላ አሰበችና «ከኛ ጋር ሃያ አንድ» አለች።

ቤቱ ከፀጉር አስተካካዩ ቀጥሎ ነው፤ በሩ ወደ መንገዱ ይከፈታል። ሚስቴ በሩን አየችው፣ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ያለውን በእርምጃ ለካችው፤ አምስት ነው። ለጥይት አምስት እርምጃ ምኑም አይደለም። ደፉ ላይ ቆማ መንገዱ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች አየች።

«ሰኞ የትኛው መስመር ነው የደረሰህ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ዘጠኝ ቁጥር።»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ንዳ» አለች። «ልጆቹ እዚህ ናቸው።»